አልጋ የሚገልጥ ቃል

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

የማታ ፈረቃ ሰጡኝ። ለሙከራ ነው። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ያዩኝና፣ ከሆንኩላቸው እዚያው ላይኛው ፎቅ እቀራለሁ፤ ካልሆንኩላቸው ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ላውንደሪው እወርዳለሁ። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ «እንፋሎት ውስጥ እንዳትሠሪ» ብሎኛል። ይህንኑ ለሱፐርቫይዘሯ ነገርኳት። «እማማ፣ እንግዲያው እንግሊዝኛውን በርቺበት» አለችኝ። እማማ ስትለኝ ያንገበግበኛል። እናቷ ብትጠየቅ ከእኔ ትበልጣለች። እኛ ግን በጓሮ «ቃጭል» ነው የምንላት፤ ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ አንጠልጥላ ስለምትሄድ ከመድረሷ በፊት ትሰማለች።

የማታው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። እንግዶቹ እራት ሲወጡ ክፍላቸው እየገባን አልጋ እንገልጣለን። አንሶላውንና ብርድ ልብሱን ከማዕዘኑ ላይ አጥፈን፣ ሰው ሾልኮ የሚገባበትን ክፍት እንተዋለን። መጋረጃ መሳብ፣ የራስጌውን መብራት ማደብዘዝ፣ ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር ማኖር፣ ውሃ በብርጭቆ። እንግዳው አንድ ከሆነ በአንድ በኩል ብቻ ይገለጣል፤ ሁለት ከሆኑ በሁለቱም በኩል። ስንት እንደሆኑ የሚነግረን ሪሴፕሽን ነው።

«ሰዎቹ አልጋቸውን ራሳቸው መግለጥ ተስኗቸው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ቀጭኗ የምንላት፣ በበር በጎን የምትገባው ወፍራሟ የሥራ ጓደኛዬ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ግለጪ» አለችኝ።

የዚህ ሁሉ ሥራ ስሙ በእንግሊዝኛ ተርን ዳውን ነው አሉ።


ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ አልተኛም።

ሆቴሉ የቀጠረልን አስተማሪ በሠራተኞች ካፌ ውስጥ ነው የሚያስተምረን። ልጅ እግር ነው፤ ጠመኔው ከእጁ አልፎ ቅንድቡ ላይ ይደርሳል። ሰሌዳው ላይ ተርን ዳውን ብሎ ጻፈና «ምን ማለት ነው?» አለ። ሁላችንም አልጋ መግለጥ ነው አልን። «ሌላስ?» አለ።

ሌላውን እሱ ጻፈው። ድምፅ መቀነስ። መብራት ማደብዘዝ። ማሞቂያ ዝቅ ማድረግ። የኮት ኮሌታ ወደ ታች ማጠፍ፣ የመጽሐፍ ገጽ ጫፉን ማጠፍ። ከአውራ ጎዳና ወደ አንድ ቅያስ መታጠፍ። ይህን እየገለበጥኩ ሳለ ደግሞ ከሥሩ ጨመረበት፦ አለመቀበል። የቀረበን ነገር እምቢ ማለት። ሥራ የጠየቀን ሰው ባዶ እጁን መመለስ። ላግባሽ ያለን ሰው አይሆንም ማለት።

እጄን አነሳሁ። «ልጄ፣ አልጋ የሚገልጠውና ላግባሽ ባዩን የሚመልሰው አንድ ቃል ነው እያልከኝ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ታዲያ እንዴት ይግባባሉ?»

ክፍሉ ሳቀ። ቀጭኗ «መኝታ ቤት ከሆነ በአንደኛው፣ ሽማግሌ ፊት ከሆነ በሌላኛው» አለች። አስተማሪው ግን አልሳቀም። «አብሮት ያለውን አይተው ነው» አለ። «አጠገቡ አልጋ ካለ አልጋ ነው። ጥያቄ ካለ እምቢታ ነው። ቃሉ ብቻውን አይናገርም።»

ተርን ለብቻው መዞር ነው። ዳውን ለብቻው ወደ ታች ነው። ሁለቱ ተጋብተው ግን መዞርም መውረድም የሌለበትን እምቢታ ይወልዳሉ። እናቱንም አባቱንም የማይመስል ልጅ። ይህን ያሰበው ማን ነው? ማንም አላሰበውም አለ አስተማሪው፤ ሰዎች ሲናገሩ ሲናገሩ ሆነ።

ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን የሱቅ ስም አንብቤ መንገድ ላይ ቆሜ የቀረሁት ዛሬ ትዝ አለኝ። ሰው እየገፋኝ ሲያልፍ፣ ቆሜ ቀረሁ። ዛሬም እንደዚያ ነኝ።


ሰኔ 6፣ ዓርብ

ችኮላ። ፎቁ ሞልቷል። አንድ እንግዳ በር ላይ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ብሎ መለሰኝ። መመለሴ አላናደደኝም። ይኸው ሁለተኛው ትርጉም፣ በእግሩ መጣ አልኩ።


ሰኔ 11፣ ረቡዕ

በእንግሊዝኛው ስንደነቅ የራሳችን ሞልቶ ነበር ለካ። ዛሬ አንሶላ እያጠፍኩ «ገለጥኩ» አልኩና እጄ ቆመ። እኛስ? አልጋ እንገልጣለን። መጽሐፍ እንገልጣለን። ምሥጢር እንገልጣለን። ፊቷን የሸፈነች ሴት ትገለጣለች። ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አላየሁትም። መመለስም እንደዚያው ነው፤ ዕቃ ይመለሳል፣ መልስ ይመለሳል፣ ለማኝ ይመለሳል፣ የሄደ ሰውም…

ለአስተማሪው ነገርኩት። «አየሽ፣ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ የራስን ቤት ማየት ነው» አለኝ። ልጅ ነው፤ ግን አንዳንዴ ይናገራል።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ በቃል መደነቄ ራሴንም ያስቀኛል። በሌላ በምንም ነገር ከተደነቅኩ ቆይቷል። ሰው አያስደንቀኝም። ሰው ሁሉ «ቶሎ እመለሳለሁ» ይላል።


ሰኔ 20፣ ዓርብ

ትናንት የጥጉ ክፍል ባልና ሚስት ገቡ። ሁለቱም ያረጁ፣ ከሩቅ የመጡ። እሷ ፀጉሯ ጥጥ ነው። እሱ ረጅም ነው፤ በር ላይ ጎንበስ ይላል፣ በሩ ሳይነካው። አልጋ ልገልጥ ስገባ አልወጡም ነበር። ሽማግሌው ሬዲዮ ከፍቷል። እሷ ወደ ሬዲዮው ሳታይ «ተርን ኢት ዳውን» አለችው። ቀነሰው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በስውር ጨመረው። እሷም ሳታይ ደገመችለት። አርባ ዓመት ሙሉ ሲጨምርና ስታስቀንሰው እንደኖረች ያስታውቃል።

ዛሬ ትምህርት ላይ ጠየቅኩ። ኢት ለምን መሃል ገባች? አስተማሪው ደስ አለው። ሬዲዮ የሚለው ቃል መሃልም ኋላም ቢቀመጥ ግድ የለም አለ፤ ኢት ግን ሁልጊዜ መሃል ናት። ተርን ዳውን ኢት ብሎ የሚናገር የለም።

ትንሽ ስለሆነች ነው። ሕፃን ልጅ በእናትና በአባቱ መሃል ይተኛል፤ ትልቁ ልጅ ከእግርጌም ቢተኛ አይወድቅም። እንዲህ ብዬ ያዝኩት፤ ከእንግዲህ አልረሳውም። ቀጭኗ «አንቺ መቼም ከአልጋ አትወጪም» አለችኝ።

እኛ ቤት መሃል የተኛ አልነበረም።


ሰኔ 27፣ ዓርብ

የጥጉ ክፍል ሽማግሌ ቁርስ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። በአምቡላንስ ወሰዱት። ሚስትየው ቀኑን ሆስፒታል ትውልና ሲመሽ ትመጣለች። ሆስፒታሉ አንድ ነገር ከሆነ ለሪሴፕሽን እንደሚደውል ነግረዋታል፤ እሷም በገባች በወጣች ቁጥር የሪሴፕሽኑን ልጅ ፊት ታያለች። ልጁ «ምንም የለም» ብሎ በእጁ ያሳያታል።

ዝርዝሩ አሁንም ለጥጉ ክፍል ሁለት ይላል። በሁለት በኩል ገለጥኩ። ነጠላ ጫማውንም አኖርኩ፤ ትልልቅ ነው፣ ጀልባ ያክላል። እስኪነጋ ያ ወገን እንደተገለጠ ያድራል።


ሐምሌ 6፣ እሑድ

እህቴ መጣች። ገና ስትገባ ባሌ ሲሄድ በሩ ጀርባ ሰቅሎ የተወውን ካፖርት አየች። «አሁንም?»

«ልብስ ነው። ምን በላሽ?»

«እኔንማ ምን ይበላኛል። አንቺን ነው እንጂ።» አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና አንሶላውን በእጇ ዳሰሰች። «ይኸው፣ ግድግዳውን ታክከሽ እንደ ተከራይ ነው የምትተኚው። ይህ ሁሉ ቦታ ለማን ነው?»

«ለወገቤ ይስማማኛል።»

«ቢሞት እንኳ ይነገርሽ ነበር እኮ፣ እህት ዓለም።»

ሻይ አፍልቼላት ስለ ሌላ ነገር አወራን። ስለ እንግሊዝኛው ነገርኳት። አንድ ቃል ስንት ነገር እንደሚሸከም ስነግራት አፏን ከፍታ ሰማችኝ። «አንቺ እኮ ድሮ ተማሪ ብለውሽ ቢሆን» አለች። ድሮ ማን ተማሪ ብሎኝ።


ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዛሬ የጥጉን ክፍል በአንድ በኩል ብቻ ገለጥኩት።

ነጠላ ጫማውን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁ፤ ብርጭቆውንም አነሳሁ። በዚያ ወገን አንሶላውን እስከ ትራሱ ወጥሬ አስተካከልኩት። ንጹሕ ሆነ። ማንም የማይተኛበትን ቦታ በየማታው መግለጥ ምን ይሉታል? ሴትዮዋ ደክሟት ገብታ፣ መጀመሪያ የምታየው የተከፈተ ባዶ ቦታ። በየማታው። እኔ ብሆን አልወደውም። ስለዚህ ነው ያደረግኩት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እጄም ፈጥኖ ነበር።


ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ቃጭል ጠራችኝ። የቁልፉን ድምፅ ሳልሰማ ነው የደረሰችብኝ፤ በእጇ ጨብጣው ነበር።

ትናንት ማታ ሴትዮዋ ከሆስፒታል መልስ ትንሽ በእግሯ ዞር ዞር ብላ፣ ዘግይታ ገብታለች። የሪሴፕሽኑ ልጅ ስልክ ላይ ስለነበር ቀና ብሎ አላያትም። ክፍሏ ስትገባ የባሏ ወገን ተዘግቷል። ጫማው የለም። ብርጭቆው የለም። እሷ ስትዞር ሆስፒታሉ ደውሏል፣ ሆቴሉ ሰምቷል፣ ሠራተኞቹም አውቀው አልጋውን ዘግተዋል ብላ ደመደመች። ሆስፒታል ደወለች፤ የሚያነሳ ጠፋ። ደግማ ደወለች። ከዚያ ታች ወርዳ ልጁን «መቼ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ምን መቼ እንደሆነ አልገባውም። እሱ ግራ ሲጋባ እሷ ይብሱን አመነች።

ሽማግሌው በሕይወት አለ። እንዲያውም ሾርባ ጠጥቶ ነበር። ይህን እስክታውቅ ድረስ ግን…

ቀጭኗ ጠዋት ልታጸዳ ገብታ ያየችውን ነገረችኝ። የሱን ልብስ በሙሉ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከትታለች። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ቆልፋ። ከላይ መነጽሩን።

«ማን አዘዘሽ?» አለች ቃጭል።

«ማንም። አልጋው ባዶ ነበር።»

«ዝርዝሩ ሁለት አይልም?»

«ይላል።»

«ታዲያ ሰውን ከአልጋው የምትሰርዢ አንቺ ማን ነሽ፣ እማማ?»

እማማ ስላለችኝም አልተናደድኩም። ከነገ ጀምሮ ላውንደሪ ነኝ። የሙከራው ውጤት ክረምቱ ሲወጣ ይነገርሻል አለች፤ ፊቷ ግን ነግሮኛል።

እኔ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው። ይህን ስጽፈው ውሸት ይመስላል። ግን መስሎኝ ነው።


ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

እንፋሎት። ሳል። ከላይ የሚወርደው አንሶላ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ግን በአንድ በኩል ብቻ የተጨማደደ ሲመጣ ለይቼ አየዋለሁ። ሞኝነት ነው።


ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ቀጭኗ ምሳ ሰዓት ላይ ወርዳ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ያቺ ሴትዮሽ ተርን ዳውኑን ተርን ዳውን አደረገችው» አለችኝ። ላውንደሪው በሳቅ ፈረሰ፤ የእንግሊዝኛው ክፍል ያልገቡት እንኳ ሳቁ።

ነገሩ እውነት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴትዮዋ ማታ ማንንም አታስገባም። አልጋ የሚገልጥላት ሲመጣ በሩን በስንጥቁ ከፍታ በትሕትና ትመልሳለች። ቃጭል ራሷ አበባ ይዛ ሄዳ፣ ያን ያደረገችውን ላውንደሪ አውርደናታል ብላት ነበር፤ አበባውን ተቀበለች፣ አልጋውን እምቢ አለች።

እኔም ከሌሎቹ ጋር ሳቅኩ። በኋላ ማሽኑ ሥር ቁጭ ብዬ ግን ፀጉሬ ቆመ። ቃሉ ራሱን ዋጠ። አንዱ ትርጉሙ ተነሥቶ ሌላውን ትርጉሙን መለሰው፣ ሁለቱም እዚያው በር ላይ ቆመው። ስንት ሰው ተናግሮት፣ ስንት ዘመን ተንከባሎ ነው አንድ ቃል እንዲህ የሚሆነው? ይህን በሚያህል ነገር ውስጥ፣ አልጋ ስገልጥ የገባሁት እኔ ማን ነኝ?

ሽማግሌውን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉለት ነው አሉ።

ሳሉ በረታ። ሐኪም ጋ አልሄድኩም። የሚለውን አውቀዋለሁ።


ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

አስተማሪውን ካፌው በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። «ልጄ፣ አንድ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መልስልኝ። አልጋው ባዶ ስለነበረ ነው እንጂ ሞቷል ማለቴ አልነበረም።»

ታሪኩን ሰምቷል፤ ማን ያልሰማ አለ። አረፍተ ነገሩን ነገረኝ። ረጅም ነው። ይጠመዘዛል። ባዶው ከፊት ይመጣል፣ ሞቱ ከኋላ፣ አልነበረም የሚለው መሃል ላይ ተደብቋል። ጭንቅላቴን ሳነቀንቅ አይቶ «ከከበደሽ አጭሩን ልስጥሽ» አለ። «አይ አም ሶሪ።»

«እሱንማ እግር የረገጠም ይለዋል።»

ረጅሙን ያዝኩ። ማሽኑ ሲሽከረከር እላለሁ፣ ሲቆም እላለሁ። ለማን እንደምለው ግን አላውቅም፤ እንግዳ ምድር ቤት አይወርድ፣ እኔ ላይ አልወጣ።


ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ወረደች።

በሠራተኞች ደረጃ፣ ብቻዋን፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየደገፈች። እንግዳ እዚህ ታይቶ አያውቅም። ሴቶቹ እጃቸው ላይ አንሶላ እንዳለ ቆሙ። አንዷ ማሽን ልታጠፋ ሮጠች። ሴትዮዋ በእንፋሎቱ ውስጥ አንድ በአንድ አየችን፤ እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። አንድም ቀን በደንብ ተያይተን አናውቅም ነበር። ምናልባት ፊቴ ነግሯት ይሆናል።

አረፍተ ነገሬን ፈለግኩት። የለም። ባዶውም ሞቱም «አልነበረም» የሚለውም ጠፍተው አፌ ውስጥ ምላሴ ብቻ ቀረ። «ሶሪ» አልኩ። እግር የረገጠ ሰው እንደሚለው።

እጇን አንስታ አስቆመችኝ። ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር፣ «ቱሞሮ» አለች። «ሂ ከምስ ባክ። ቱሞሮ።» ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ አድርጋ፣ «ዩ። ተርን ዳውን። ፕሊስ።»

ሁሉም ገባኝ። አንድም ቃል መሬት አልወደቀም። ነገ ይመጣል፤ አልጋውን አንቺ ግለጪው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ከሰው አፍ የወጣ እንግሊዝኛ ሳይንገላታ እኔ ውስጥ ገባ።

«የስ» አልኩ። እሷም ያንኑ ያህል ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

ስትወጣ ደረጃው ላይ ደገፍኳት። ክንዷ ቀላል ነው።


ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ጠዋት ቃጭል «ለዛሬ ብቻ ነው» አለችኝ፤ ስለ ሙከራው ግን ምንም ትንፍሽ አላለችም። ማታ አብራኝ ወጣች፤ ለማስተርጎም ነው አለች፣ እኔን ለመጠበቅም ጭምር ይመስለኛል።

አልጋ ለመግለጥ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። የሚገለጥ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው በራሱ ወገን፣ እስከ አገጩ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ቀንሷል፤ ርዝመቱ ግን እንዳለ ነው፣ እግሩ ከአልጋው ወጥቷል። አይኑ ክፍት ነው። ሻንጣው ባዶውን ጥግ ላይ ቆሟል፣ ልብሶቹ ተመልሰው ተሰቅለዋል።

የሷን ወገን ገለጥኩ። ቀስ አልኩ፤ የሱን እንዳልነካ። የወጣውን እግሩን ሸፈንኩለት። ነጠላ ጫማውን አመጣሁና መሬት ላይ ሳኖረው ከላይ ሆኖ አየኝ። አንድ ነገር አለ። ቃጭል ተረጎመችልኝ። «የሞትኩትን ያወቅሽ አንቺ ነሽ ወይ? እኔ እንኳ አልሰማሁም ነበር ይላል።» ሚስቱ ክንዱን መታችው። እኔ መሬት ብትሰነጠቅ እገባባት ነበር፤ እሱ ግን እየሳቀ ነው፣ ሳቁ ደረቱን እያመመው።

ሴትዮዋ ለቃጭል ብዙ ነገረቻት። ቃጭል ስትተረጉም አጠረባት፤ ቃል እየመረጠች፣ እኔን ሳታይ ነው የተረጎመችው። «እስከዚያ ማታ ድረስ ሆስፒታል ቁጭ ብዬ ጋዜጣ ነበር የማነበው ትላለች። እሱ ተኝቶ፣ እኔ ሳነብ። ያን ማታ ልብሱን ካጣጠፍኩ በኋላ ግን ጋዜጣ አልያዝኩም፣ እጁን ይዤ ነው የዋልኩት ትላለች።» ቀጥላም፣ «ስለዚህ ሌላ ሰው አልጋዬን እንዲነካው አልፈለግኩም ትላለች። አንቺን ነው ስትጠብቅ የነበረው» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቆሜ ቀረሁ።

ሬዲዮው በርቶ ነበር። እሷ ወደ እኔ ሳትዞር «ተርን ኢት ዳውን፣ ፕሊስ» አለች፣ ሁልጊዜ ለሱ እንደምትለው፤ እኔም ቀነስኩት። ከቀነስኩት በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ወደ አማርኛ አልመለስኩትም። ቃሉ በቀጥታ እጄ ላይ ነበር የደረሰው። መብራቱንም አደበዘዝኩ። ሽማግሌው አንድ ጣቱን ወደ ሬዲዮው ሲልክ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ልንወጣ ስንል ሴትዮዋ በር ላይ ያዘችኝ። እኔን አሳየችና፣ ከዚያ አልጋውን፣ ከዚያ ወደ ውጭ፣ ቤቴ ወዳለበት ወደማታውቀው አቅጣጫ። «ዩ?» አለች። አንድ ጣት አነሳች፤ ቀጥላ ሁለት። «ዋን? ቱ?»

ስንት ሰው ነው ቤትሽ የሚተኛው ማለቷ ነው።

«ቱ» አልኩ።

ሳቀችልኝ፤ ደስ አላት። ቃጭል አየችኝ። ባሌ ሄዶ እንደቀረ ሆቴሉ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እሷም ታውቃለች። አፏን ልትከፍት መስሎኝ ነበር። ቁልፎቿን በእጇ ሰብስባ፣ ሳታንቃጭል፣ ከፊቴ ሄደች። ደረጃው አፋፍ ላይ ስንደርስ «ከሰኞ ጀምሮ ላይ ነሽ» አለችኝ። «ለሙከራ አይደለም። እትዬ።»

አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ለምን ሁለት እንዳልኳት አላውቅም። እንግሊዝኛዬ ገና ነው።